ከኃላፊው ቢሮ የማይወጣው ኮምፒውተር

ሰው ስለ ቴክኖሎጂ ዕድገት ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ንዴቴ የሚጀምረው ቡሬ ከተማ ጫፍ፣ ወደ ነቀምት የሚታጠፉት የጭነት መኪኖች እያጓሩ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ከነበረች አንዲት የማሠልጠኛ ግቢ ነው። እዚያ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ግቢዋ ጠባብ ነበረች። በአንደኛው ጎን የኃላፊው ቢሮ፣ ፊት ለፊቱ የኮምፒውተር ክፍሉ፣ መሐላቸው ትንሽ ሣር። ከዚህኛው በር ቆሞ የተጣራ ሰው ከዚያኛው በር አቤት ይባላል። ያቺን ሣር ለመሻገር ስል አንድ ክረምት ሙሉ ኬብል ስዘረጋና ሶፍትዌር ስጭን ከረምኩ።

ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነው። ሠራተኛው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ የሚገማገምበት፣ የለውጥ ሠራዊት የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው የተለጠፈበት ጊዜ። ኃላፊያችን የሳምንቱን ግማሽ ፍኖተ ሰላም፣ ስብሰባ ላይ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይኼን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር፣ ክፉ ሰው የሚጠበቅበትን ነው የሚያደርገው። እሳቸው ለቅሶ አይቀሩም፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ሰላምታቸው የሰውን ከብት ሳይቀር ደኅና ነወይ የሚል ነው። ብቻ ኃላፊ ናቸው። የኃላፊ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ለእሳቸው እንደ ታቦት ዕቃ ነበር፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

በዚያ ሰሞን አንድ የውጭ አገር ረጂ ድርጅት ማክ ኮምፒውተሮች ሰጠን። ነጫጭ ናቸው፣ ስስ ናቸው፣ ሆዳቸው የት እንዳለ አይታወቅም። በርክክቡ ቀን ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰው ጀርባቸውን እየደባበሰ አደነቀ። ኃላፊያችን ደስታውን አልቻሉትም። ንግግር አደረጉና "እኛ እንግዲህ ተሻግረናል!" አሉ፤ በማግሥቱ ያሉንን ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሙሉ በከተማው ላሉ ጽሕፈት ቤቶች አከፋፈሏቸው። ማንንም አላማከሩም። የኮምፒውተር መምህሩ እኔ ነኝ፣ ክፍሌ ውስጥ ገብተው ሲያወጧቸው ያየሁት በመስኮት ነው።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ሠልጣኞቻችን አብዛኞቹ የገበሬ ልጆችና የገጠር ሴቶች ናቸው፤ የሚማሩት የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ መያዝ ነው። ሒሳቡ የሚሠራበት ፕሮግራም ደግሞ በዊንዶውስ ላይ እንጂ በማክ ላይ ጨርሶ አይከፈትም። የብቃት ምዘናውም በዚያው ፕሮግራም ነው፤ ከሌላ ከተማ መዛኝ ይመጣል፣ ሠልጣኙ ፊቱ ተቀምጦ ይሠራል፣ ካለፈ ማረጋገጫ ያገኛል። ማኮቹ ላይ ዊንዶውስ ልጫን ብል በርክክቡ ውል ላይ ተከልክሏል። ስለዚህ ግድግዳ ሙሉ የሚያምር ኮምፒውተር አለን፣ የምናስተምርበት ግን የለንም።

አንድ ዊንዶውስ ብቻ ቀርቷል። የኃላፊው።

አዲስ ነው፣ ኃይለኛ ነው፣ ከጠረጴዛቸው መሐል ተቀምጦ ጸሐፊያቸው በራሷ እጅ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሷል። የሚሠሩበት ደብዳቤ ለመጻፍ ነው፤ እሱንም የምትጽፈው ጸሐፊዋ ናት፣ በራሷ አሮጌ የጽሕፈት መኪና። ሄድኩና በጨዋ ደንብ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ምዘናው እስኪያልፍ ኮምፒውተርዎን ወደ ክፍሉ ብናሻግረው?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "የኃላፊ ኮምፒውተር ከኃላፊ ቢሮ ወጥቶ ያውቃል? ዛሬ ኮምፒውተር አልክ፣ ነገ ወንበሩንም ላሻግር ትለኛለህ።"

"እንግዲያው ሠልጣኞቹ አንድ በአንድ እዚህ መጥተው ይለማመዱ።"

ዝቅ ብለው ምንጣፋቸውን አዩ። ክረምት ነው፤ የቡሬ ጭቃ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። "እዚህ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ ጀመሩ። ይኼ የእኛ አገር እምቢታ ነው፤ እምቢ አይባልም፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል።

ሪሞት ዴስክቶፕ ትዝ ያለኝ ያን ቀን፣ በንዴት ወደ ክፍሌ ስመለስ ነው። ይኼ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒውተር ተቀምጠህ የሌላውን ገጽታ የምታይበት፣ እዚህ የነካኸው ማውስ እዚያ የሚንቀሳቀስበት ነው። ሰዎች የሠሩት ከባሕር ማዶ ሆነው ቢሯቸው ያለውን ሥራ እንዲሠሩ ነው። እኔ ግን አንድ ዳንቴል የለበሰ ሳጥን ከጠረጴዛው ሳይነሣ፣ የአንድ ሰው ክብር ሳይነካ፣ ሣሩን እንዲሻገርልኝ ፈለግኩት። የኃላፊው ኮምፒውተር በቢሮው ይቀመጥ፤ ሠልጣኙ በማኩ ላይ ሆኖ እሱን ይጠቀም። ነገሩን ሳስረዳቸው ፊታቸው በራ። "ኮምፒውተሩ አይነቃነቅማ?" አሉኝ። አይነቃነቅም አልኳቸው። "እሱማ ሥልጣኔ ነው" አሉ።

የማኩን ፕሮግራም ለማውረድ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ፤ የእኛ ኢንተርኔት ደብዳቤ እንኳ አይከፍትም ነበር። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆመ፣ እኔ ጥርሴን አፋጨሁ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ፋይሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። መብራት እስኪመጣ ደጅ ቆሜ ማንጎ በላሁ። እንደገና ከመጀመሪያው። በመጨረሻ በፍላሽ ይዤው ተመለስኩና ማኩ ላይ ከፈትኩት። የማክ አጫጫን ደግሞ ሌላ ነው፤ ሥዕሉን በማውስ ጎትተህ ፕሮግራሞቹ ያሉበት ማኅደር ውስጥ ትጥለዋለህ፣ አለቀ። ስከፍተው ማኩ "ይኼ ከኢንተርኔት የወረደ ነው፣ እርግጠኛ ነህ?" የሚል ጥያቄ አወጣ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። የግቢው ዘበኛ በበሩ ብቅ ብለው አዩኝና መስቀላቸውን ዳሰሱ።

ኬብሉን በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አድርጌ ግቢውን አሻገርኩ። የቀረው የኃላፊውን ኮምፒውተር ከሩቅ እንዲያስገባ ማድረግ ነበር። እዚያ ላይ ተያዝኩ። የይለፍ ቃል የሌለው ዊንዶውስ ከሩቅ ማንንም አያስገባም፤ እሳቸው ደግሞ የይለፍ ቃል የሚባል ኖሯቸው አያውቅም።

"ከማን ነው የምደብቀው?" አሉኝ። "እኔ ግልጽ ሰው ነኝ። ነገ በግምገማ ላይ ኮምፒውተሩን ቆለፈ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?"

ብዙ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ተቀበሉ፤ ከተቀበሉ በኋላ ደግሞ ወደዱት፣ ወደውትም ለሰው አልናገርም አሉ። ለእኔም። ማኩ ላይ የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ ራሳቸው ግቢውን ተሻግረው መጡ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ። "ፊታችሁን አዙሩ" አሉ፤ ሠልጣኙ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን ቆምን። ከኋላችን በአንድ ጣት ኪቦርዱን ሲጫኑ ይሰማል። ጠቅ። ዝምታ። ጠቅ። አልገባም አለ። ደግመው ጻፉ፣ አልገባም። ትልልቅ ሰዎች እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ እያየን መቆማችን ሲገባኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሲገባላቸው ግን እኔ አስቀድሜ "የይለፍ ቃሉን አስታውስ" የምትለዋን ምልክት አድርጌባት ነበር። ከዚህ በኋላ መምጣት አያስፈልግዎትም፣ ማኩ ያስታውስልናል አልኳቸው። "ማኩ ነው ወይስ አንተ?" አሉና በጥርጣሬ አዩኝ።

በዚያች ቅጽበት ገጹ ተከፈተ። የኃላፊው ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ያለው ሥዕል የራሳቸው የኃላፊው ፎቶግራፍ ነበር፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው። በማኩ ሰፊ ገጽ ላይ ከደረታቸው በላይ ግጥም ብለው ሲወጡ ማኩ ፊት ተመልሳ ገና የተቀመጠችው ሠልጣኝ ከወንበሯ ብድግ አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ስለዚህች ሠልጣኝ መናገር አለብኝ። ወደ ሠላሳ የሚጠጋት ሴት ናት፤ የመጣችው ከቡሬ ወጣ ብሎ ወደ አዊ በኩል ካለ ገጠር ነው፣ ቤታቸው አዊኛ ይነገራል። ባሏን ፈትታ ሴት ልጇን ይዛ ወንድሟ ቤት ተጠግታለች። የወንድሟ ሚስት ፊት ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲበሉ እሷ ስታጠና ስላየሁ ግን ገብቶኛል። የቀበሌዋ ገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች "ማረጋገጫውን ይዘሽ ከመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ አዝመራው ሲገባ ግን እንቀጥራለን፣ ከዚያ አናልፍም" ብለዋታል። ከማኅበሩ መጋዘን ጎን ለሠራተኛ የሚሰጥ አንድ ክፍል ቤት አለ። "የራሴ በር ይኖረኛል መምህር" አለችኝ አንድ ቀን፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ከአዝመራው በፊት ያለው ምዘና አንድ ብቻ ነበር።

ማውሱን መጀመሪያ በሁለት ጣቷ ጫፍ ብቻ ነበር የምትይዘው። "ለመሆኑ አሁን ያለሁት እዚህ ነው እዚያ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ በማኩ ገጽ ላይ የኃላፊውን ጠረጴዛ እያየች። እጅሽ እዚህ፣ ሥራሽ እዚያ አልኳት። ገባት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደረሰባትም። የማኩ ኪቦርድ የተለየ ስለሆነ ሌሎቹ የቱን እንደሚጫኑ ግራ ሲገባቸው እሷ የትኛው ቁልፍ እዚያ ማዶ ምን እንደሚሆን በራሷ አጥንታ ለሌሎቹ ታሳይ ጀመር። ሒሳብ ላይ ዓይኗ ጭልፊት ነው፤ እኔ ሆን ብዬ ስሕተት የከተትኩበትን መልመጃ ከላይ እስከ ታች አይታ "እዚች ጋ ምነው?" ትለኛለች።

አንድ ነገር ግን ነበር፤ ለሁሉም በግልጽ ተናግሬዋለሁ። ዊንዶውሱ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሠልጣኙ በማኩ ሲገባ የኃላፊው ገጽ ይቆለፋል፤ ኃላፊው ቢሮ ሆነው የይለፍ ቃላቸውን ቢያስገቡ ደግሞ ሠልጣኙ ይባረራል፣ ይሠራው የነበረውም እሳቸው ፊት ይቀራል። ይኼን በዚያ በለመድነው ዙሪያ ጥምጥም አነጋገር አልነገርኳቸውም። ቢሯቸው ገብቼ፣ ቆሜ፣ "በምዘናው ቀን ኮምፒውተሩን እንዳይነኩብኝ፤ ከነኩት ተመዛኟን ያባርሯታል" ብዬአቸዋለሁ። ሳቁ። "እኔ ሰው አባርሬ አላውቅም" አሉኝ። እሺም አሉ። በዚያ ቀን እንዲያውም ፍኖተ ሰላም ስብሰባ ነበረባቸው። ደስ አለኝ። በዚያም ላይ በትልልቁ "ምዘና ላይ ነው፣ አይነካ" ብዬ ጽፌ ገጹ ላይ ለጠፍኩበት።

የምዘናው ጠዋት ከተማው በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ በየደጁ የተሰጣው ደርቋል። መዛኙ ጎረምሳ ቢጤ ነው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ የሚጠበቅ፤ ከመቀመጡ ሰዓቱን አየ። ለዚያ ዙር የተመዘገበችው እሷ ብቻ ናት፤ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ሥራው የአንድ ማኅበርን የዓመት ሒሳብ ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ መዝጊያው መሥራት ነው፤ ደንቡ ሴቭ የሚደረገው ሁሉም አልቆ፣ መዛኙ ፊት፣ እሱ በሚሰጠው ስም ነው ይላል። በመሐል ማስቀመጥ አይፈቀድም። ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። አንድ አልተሳሳተችም። ገቢው ገባ፣ ወጪው ወጣ፣ የማዳበሪያው ዕዳ በየቦታው ተቀመጠ፤ መዝጊያው ላይ ደርሳ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲመጡ ትንፋሿን ለቀቀች። ወደ መዛኙ ዞር አለች፣ ሥራው የሚቀመጥበትን ስም ልትጠይቀው።

ገጹ ጠፋ። የማኩ ግራጫ ጀርባ መጣና ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ትንሽ ሳጥን ወጣ።

እሷ ሁለት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣችና በአየር ላይ ያዘቻቸው፣ ሰው ዕቃ ሲሰርቅ እንደተያዘ። እኔ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። በሩን በርግጄ ሣሩ ላይ ሮጥኩ። ሥራው አልጠፋም፤ እዚያ ማዶ እንደተከፈተ ነው፣ ማንም ካልነካው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ እመልሰዋለሁ። ይኼን ለራሴ እየጮህኩ ነው የሮጥኩት።

ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላልፎ ኖሯል። ኃላፊው ከመንገድ ተመልሰዋል። በግቢው በር ሲገቡ ዘበኛው አይተዋቸዋል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሥተዋል። ጸሐፊዋ አይታቸዋለች፤ ብድግ ብላ በሩን ከፍታላቸዋለች። ምዘና እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። እኔ ስገባ ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ዳንቴሉ ታጥፎ ጎን ተቀምጧል፣ ገጹ ላይ የእሳቸው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም።

"ተከፍቶ የነበረው የት ሄደ?" አልኳቸው፣ እንደምን አደሩ ሳልል።

"እ፣ እሱ? አንድ የማላውቀው ቁጥር በቁጥር የሆነ ነገር ተከፍቶ አገኘሁ። ዘጋሁት። ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አይ አልኩት።" ኮራ ብለው ነው የነገሩኝ። "የማላውቀውን ነገር እንዴት አስቀምጣለሁ መምህር? ነገ ተጠያቂው እኔ እኮ ነኝ።"

የለጠፍኩትን ወረቀት ፈለግኩ። የለም። ጸሐፊዋን አየኋት። "እኔ ነኝ ያነሣሁት" አለች በቀስታ። "እንዴት ተብሎ እሳቸውን 'አይነካ' ይባላል? እንግዳ ቢያየው ምን ይላል?"

"ሲገቡስ? ሲቀመጡስ? ምዘና ነው ማለት ያቅታል?"

"ኧረ በማርያም! በገዛ ወንበራቸው ላይ?" አለችኝ። አስቀያሚ ነገር የተናገርኩ እኔ ነበርኩ የምመስለው።

ከበር እስከ ወንበር ድረስ ሁለት ሰው አልፈዋል፤ አንዳቸው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ አንዲት ሴት ቤት ይኖራት ነበር። ቃሏን ግን አክብሮት የሚባል ነገር አፍኖ አስቀራት። ለማን ነው ይኼ አክብሮት የሚጠቅመው? ለእሳቸውም እኮ አልጠቀመም፤ ሳያውቁ እንዲበድሉ ነው ያደረጋቸው።

መዛኙን ለመንኩት። እኔ ዓይኔ እያየ ጨርሳለች፣ አንተም አይተሃል፣ እንደገና ትጀምር አልኩት። አየሁ አለ፤ ያየሁትን ግን በእጄ ይዤ አልሄድም፣ ደንቡ የተቀመጠ ሥራ ይላል፣ የተቀመጠ ሥራ የለም። መልሶ ለማስጀመር ጊዜ የለውም፤ መኪና እየጠበቀው ነው። ኃላፊው መጡ፤ ይደግፉኛል ብዬ ነበር። "ደንብ እንግዲህ ደንብ ነው" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። መዛኙ "ገና ብቁ አይደለችም" ብሎ ጻፈና ቦርሳውን ዘጋ።

እሷ እስከዚህ ድረስ ከወንበሯ አልተነሣችም። ስለ ግንኙነት፣ ስለ መቋረጥ፣ ስለ ይለፍ ቃል እኛ ስንጨቃጨቅ ምን እንደሰማች አላውቅም። ተነሥታ ነጠላዋን አደግድጋ ቀጥ ብላ ወደ ኃላፊው ሄደች። ልትለምናቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች።

"ጌታዬ፣ ይማሩኝ" አለች። "ተምን ላይ እጄ እንዳረፈ አላውቅም። ዕቃዎን አበላሸሁብዎ።"

ኃላፊው እኔን አዩኝ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያጠፉት እሳቸው መሆናቸውን በአፌ ነግሬአቸዋለሁ፣ ገብቷቸዋልም፤ ዓይናቸው ላይ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ እሷ ዝቅ አሉና በትከሻዋ ይዘው አነሷት።

"ተነሺ፣ ተነሺ ልጄ። ሰው ይሳሳታል" አሏት። "እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ሌላ ጊዜ ስትነኪ ግን ጥንቃቄ ይኑርሽ።"

ጮህኩባቸው። "እርስዎ ነዎት ይቅርታ የሚጠይቁት!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ አስቁሟል። ጸሐፊዋ አፏን ያዘች። ዘበኛው "ኧረ መምህር፣ ኧረ ነውር ነው" እያሉ በክንዴ ያዙኝ። ኃላፊው ቀስ ብለው ሣሩን ተሻግረው ወደ ቢሯቸው ገቡ። በሚቀጥለው ግምገማ ላይ ስሜ ተነሣ፤ ሥነ ምግባር ይጎድለዋል፣ ታላቅ አያከብርም ተባለ። ስለ እሷ ማንም አላነሣም።

ያን ቀን እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም" አልኳት። "ኮምፒውተሩን እዚያ ማዶ የነኩት እሳቸው ናቸው። ሥራሽ አንድ ስሕተት አልነበረበትም።"

ዞር ብላ የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩን አየች። "እንዲህ አይበሉ መምህር፣ ለእርስዎም ጥሩ አይደለም" አለችኝ። "እሳቸው ስንት ሥራ እያለባቸው ይቅር አሉኝ። እኔ ነኝ፣ ድሮም እጄ ለዕቃ አይሆን።"

ለሚቀጥለው ምዘና በሰው በሰው ላክሁባት፣ አልመጣችም። አዝመራው ገባ፤ ማኅበሩ ሌላ ሰው ቀጠረ። ኃላፊው በዕድገት ሄዱ፣ እኔም ሥራውን ለቅቄ ሌላ ቦታ ገባሁ፤ ማኮቹ እንደተሸፈኑ ነበር ስወጣ።

ከዓመታት በኋላ፣ ያ የስብሰባ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ ቡሬ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ አገኘኋት። የራሷ አልነበረም፤ የወንድሟን ነው የምትሸጠው። ተሳሳምን፣ የልጇን ደኅንነት ጠየቅኳት፣ አድጋለች አለች። ያን ጊዜ እኔ በምሠራበት ቦታ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይፈለግ ስለነበር ስልክ ቁጥሯን እንድትሰጠኝ ጠየቅኳትና የእኔን ስልክ ዘረጋሁላት፣ ራሷ እንድትጽፍልኝ። ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"እርስዎ ይጻፉት" አለች እየሳቀች። "እኔ አበላሽብዎታለሁ።"

ሥጋዬ ሁሉ ነደደ። ቁጥሩን በቃሏ ጠራችልኝ፣ ጻፍኩ። በንዴት የምነካውን ቁጥር በቅጡ አላይም ነበር። ከጎኔ ሆና ገጹን በሩቁ አየችና "መምህር፣ አንዷን ቁጥር ተሳስተዋል" አለችኝ። አየሁት፤ እውነቷን ነው። እጇን ግን አልዘረጋችም።